የብረት ቤንዚን ጀሪካን በድሬ ሙቀት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከጁስ ቤታችን የቤንዚን ሽታ ጠፋ። የብረቱን ጀሪካን ከገዛሁ ወዲህ ያየሁት ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ያወጣሁበት ብር አይቆጨኝም።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምንሠራው። መብራት ሲሄድ ጄነሬተር እናስነሳለን። እዚህ ብዙ ሰው ቤንዚን የሚያስቀምጠው በቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው። እኩለ ቀን ላይ ሆዱ ይነፋል፣ ክዳኑን ሲከፍቱት ፉሽ ይላል። ያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ በእሳት የሚያያዝ ትነት ያወጣል፤ ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ ስታልፍ ምን እንደሚሆን አስቡት። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ የቡና ከሰል ያለበት ድረስ ይደርሳል።

ፕላስቲክ የሚሸጠው ልጅ ግን «አቦ፣ ይሄም ያው ቤንዚን ይይዛል፣ ብር አታባክን» ይላል። ወንድሜ፣ ለዘይት የተሠራ ክዳን ትነትን ሙሉ በሙሉ አያግድም! የብረቱን ቅርጽ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለጦራቸው ሲያወጡት በደንብ አስበውበታል። ሦስት እጀታ አለው፣ 20 ሊትር ይይዛል፣ ከእጀታው ሥር ያለው ጉብታ ደግሞ አየር ስለሚይዝ ቤንዚኑ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። 20 ሊትር ቤንዚን በ15 ዲግሪ ሲሞቅ ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ማለዳ እስከ አፉ ጢም ብሎ የተሞላ ፕላስቲክ ያንን ሩብ ሊትር የት ያድርገው? አንገቱ ውስጥም ቀጭን የአየር ቱቦ ስላለች ሲቀዳ እየተንቦጫረቀ አይፈስም።

ማደያ ላይ ከቀጂው ጋር ሁሌ እንከራከራለን። «ባጃጁ ላይ እንዳለ ልሙላው» ይላል። አይሆንም። ጀሪካኑ መሬት ይቀመጣል፣ የመቅጃው አፍንጫም የጀሪካኑን አፍ ይነካል። ቤንዚን ሲፈስ የማይታይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ መሬት የነካ ብረት ያወርደዋል፣ ባጃጅ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ግን በአንዲት ብልጭታ ሊለቀው ይችላል። ጄነሬተሩንም አጥፍተን ሳይበርድ አንሞላም፣ ደንበኛ ቢሰለፍም። የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ የምትንጠባጠብ ቤንዚን ቤት ታቃጥላለች።

ቅሬታዬ የክዳኑ ጎሚኒ፣ ማለትም ማሸጊያ ጎማው ነው። አብሮ የመጣው ቤንዚን ሲነካው አብጦ ላላ። ሻጩ ጋ ብሄድ «የሁሉም እንዲህ ነው» አለኝ። ውሸት ነው፤ ናይትሪል የሚባል ቤንዚን የሚችል ጎማ አለ። አንድ መካኒክ ፈልጎ አገኘልኝ፣ ከተለወጠ ወዲህ ጠብታ አላየሁም። ግን የብረት ጀሪካን የሚሸጥ ሰው ይህን ሳያውቅ እንዴት ይሸጣል? የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ዋጋው ከፕላስቲኩ ብዙ እጥፍ ቢሆንም ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ። ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ ጎሚኒውን እዩ፣ ውስጡንም በስልክ መብራት ፈትሹ። ዝገት ካለው አትውሰዱት።