የኢማክስ ሶርስ ኮድ፦ ለሊስፕ ሠሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

ከአራት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ የራሳቸውን የሊስፕ (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ኢንተርፕሪተር፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ የሚያስኬድ ፕሮግራም፣ ለሚሞክሩ ተማሪዎች፣ በነፃ ከሚገኙት ውስጥ ኢማክስን፣ የሊስፕ ኢንተርፕሪተር በውስጡ ያለውን የጽሑፍ ማረሚያ፣ እናስቀድማለን። በሞባይል ዳታ የምታወርዱ ሙሉውን የጊት ታሪክ (የኮዱን የለውጥ መዝገብ) አትጎትቱ፤ የታሸገው የሪሊዝ ፋይል ይበቃል፣ የኮንፊገር ስክሪፕቱም ተዘጋጅቶ ይመጣል።

ቁም ነገሩ ያለው የሊስፕ ሄደር ፋይሉ ላይ ነው። በ64 ቢት ማሽን የኦብጀክቶች አድራሻ ሁልጊዜ ለ8 ይካፈላል፤ ስለዚህ የታችኞቹ 3 ቢቶች ዜሮ ናቸው። ኢማክስ ታጉን (የዋጋውን ዓይነት የሚናገረውን ቁጥር) እዚያ ይጽፋል፦ ኮንስ (የሁለት ዋጋዎች ጥንድ) 3፣ ስትሪንግ 4፣ ቬክተርና መሰሎቹ 5፣ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) 7። ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ግን 2ንም 6ንም ይዟል። ብክነት ይመስላል አይደል? ሥሩት፦ ኢማክስ ኢንቲጀርን የሚያስቀምጠው በ4 አባዝቶ 2 በመደመር ነው፤ 5 ሲሆን 22፤ የታችኞቹ 3 ቢቶች 6 ይሆናሉ። ቁጥሩ 6 ሲሆን ደግሞ 26 ይሆናል፣ ታጉም 2። ተጋማሹ በአንዱ፣ ጎዶሎው በሌላው ስለሚገባ አንድ ቢት ይተርፋል፤ ለቁጥሩ 62 ቢት ይቀራል ማለት ነው። ኒል (የሊስፕ «ባዶ» ወይም «ሐሰት») ሁሉም ቢቱ ዜሮ ነው፤ እሱን መፈተሽ ከዜሮ ጋር ማወዳደር ብቻ ነው።

የሚያስመርረው የማክሮው (ከኮምፓይል በፊት በሌላ ኮድ የሚተካ ስም) ብዛት ነው። ያለ ኦፕቲማይዜሽን ሲኮምፓይል እንዳይዘገይ ብለው አንዱን ነገር በማክሮም በኢንላይን ፈንክሽንም ጽፈውታል። ኢንላይኑን ብቻ ተከተሉ። ሙሉውን ሄደር ፋይል ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ማሳተም ለሚያምረው ደግሞ፦ በሺዎች የሚቆጠር መስመር ነው፣ ብራችሁን አትርፉ።

ጂዲቢን (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያውን) ከሶርስ ፎልደሩ ውስጥ አስነሱ፤ የሊስፕ ዋጋ የሚያትሙት ትእዛዞች እዚያ ባለ ፋይል ተጽፈዋል። አልጭን ካለ ፎልደሩን እንዲያምነው ፍቀዱለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የኮንሱን ዋጋ ኮፒ አድርጎ እንደ አድራሻ ያነበዋል። 3 ስላልተቀነሰ የሚወጣው ቆሻሻ ነው። ኢማክስ ራሱ ታጉን በማስክ (ቢቶቹን ዜሮ በማድረግ) አያጠፋም፣ ይቀንሰዋል፤ ኮምፓይለሩም ቅነሳውን ከማንበቢያው ኢንስትራክሽን ጋር ያዋህደዋል። ካር (የኮንሱ የመጀመሪያ ዋጋ) ታግ ካለበት ዋጋ 3 ባይት ወደ ኋላ፣ ከደር (ሁለተኛው) 5 ባይት ወደ ፊት ይገኛል። ታጉን ማንሳት ምንም ተጨማሪ ኢንስትራክሽን አይጠይቅም።

ከ62 ቢት ያለፉ ቁጥሮች ከ27ኛው ቨርዥን ጀምሮ ሜሞሪ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ይይዛሉ፤ ፍሎትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እኩል የሆኑ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች በኢክው (eq፣ አንድ ዕቃ መሆናቸውን ብቻ በሚያየው) ሲወዳደሩ ኒል ሊወጣ ይችላል፤ ኢክውኤልን (eql) ተጠቀሙ።