«ሬሲንግ» ተብሎ የሚሸጥ የፍሬን ሸራ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

ወገኖች ይሄን የምጽፈው ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው። ኦንላይን ላይ «ሬሲንግ»፣ «ስፖርት»፣ «እስከ 800 ዲግሪ የማይዳከም» ምናምን የሚል የተጻፈበት የፍሬን ሸራ አለ፣ ሳጥኑ ያምራል፣ ሸራው ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ሰውም ፍሬን ላይማ አልቆጥብም ብሎ ለመኪናውም ለቤተሰቡም ጥሩ ነገር ያደረገ መስሎት ይገዛዋል። እኔም ገዝቼ አስገጠምኩት፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሁለት ሶስቴ ጠበቅ አድርጌ ስይዝ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ከዛ ፔዳሉ እንደወትሮው ደረቅ ነው፣ በሙሉ ጉልበቴ እየረገጥኩት ነው፣ መኪናዋ ግን አልይዝ አለች። ማርሽ ቀንሼ በሞተር ነው ያበረድኳት።

አሁን ሸራው ተፈቶ ፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ጠርዙ ላይ አንድም ፊደል አልታተመም፣ ከጀርባ ያለው ብረት ላይም ከቀለሙ በስተቀር ምንም የለም፣ ቁጥር የለም ማህተም የለም። አንደኛው ጥግ ላይ ደግሞ ሸራው ከብረቱ መላቀቅ ጀምሯል፣ ጥፍሬን አስገባዋለሁ። ሻጩን የፈተና ወረቀቱን ላክልኝ ስለው «ሬሲንግ ስለሆነ ሰርተፊኬት አያስፈልገውም» ብሎ መለሰልኝ፣ ከዛ በኋላ መልስ የለም። ይሄን መልስ ከማንም ሻጭ ከሰማችሁ እዛው ተዉት።

ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ካወቃችሁ ማንም አያታልላችሁም። ፍሬን ማለት የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት መቀየር ነው፣ እና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይደለም አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ማለትም ከ120 ማቆም ከ60 ከማቆም አራት እጥፍ ሙቀት ያመጣል። ሸራው ውስጥ ያሉትን ነገሮች አጣብቆ የያዘው ሙጫ ከልክ በላይ ሲግል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ በሸራውና ከጎማው ጋር በሚዞረው ብረት (ዲስኩ) መሀል ይገባል፣ በቃ መያዝ ቀረ። ርካሽ ሸራ ላይ ሙጫው ፋብሪካ ውስጥ በደንብ ስላልበሰለ ይሄ ቶሎ ይመጣል፣ በተለይ አዲስ እያለ።

ግን ፍሬን አልይዝ ያለ ሁሉ ሸራው ነው ማለት አይደለም፣ እዚ ጋ ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ ያወጣል። ፍሬኑ ግሎ፣ ፔዳሉ እንደወትሮው ደረቅ ሆኖ መኪናው ካልቆመ አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደታች የሚሰምጥ ከሆነና ስትደጋግሙት ትንሽ የሚነሳ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው፣ የዛኔ የዓለም ምርጥ ሸራ ብትገዙም ምንም አይለውጥም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ እያለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው፣ ዶት 3 ደግሞ 205 እና 140። ስለዚ ቁልቁለት የሚበዛበት መንገድ የምትነዱ ከሆነ ከሸራው በፊት ዘይቱን ቀይሩ፣ በየሁለት አመቱ ቢቀየር ጥሩ ነው። ዶት 5 የሚባለውን ግን አትቀላቅሉ፣ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም።

ሌላው ደግሞ፣ እውነተኛው የውድድር ሸራ ራሱ ለመንገድ መኪና አይሆንም። እሱ የተሰራው ዲስኩ ሁልጊዜ እንደጋለ ለሚቆይበት ቦታ ነው፣ እናንተ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ዲስኩ ቀዝቃዛ ነው፣ እና አንድ ልጅ ድንገት መንገድ ላይ ቢገባ ሸራው እስኪሞቅ አይጠብቃችሁም። በዛ ላይ ይጮሀል፣ አቧራው ቸርኬውን ያጠቁራል፣ ዲስክ ይበላል። ስለዚ «800 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር እውነት ቢሆን እንኳ ለመንገድ ነጂ ጥቅሙ አይታየኝም። እኛ የሚያስፈልገን በቀዝቃዛውም በመጀመሪያው እርግጫ የሚይዝ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሲግል የማይከዳ ነው፣ «ፋስት ሮድ» ወይም ለመንገድ የተሰራ ስፖርት ሸራ የሚባለው ይሄ ነው። ሴሚ-ሜታሊክ (ብረት የተቀላቀለበት) ሙቀት በደንብ ይችላል ግን ትንሽ ይጮሀል፣ ሴራሚክ ዝም ያለና አቧራው ያነሰ ነው፣ ለረጋ ነጂ ይበቃል።

ስትገዙ ሳጥኑን ተዉትና ሸራውን ገልብጡት። በአሜሪካ ደረጃ የተመረተ ከሆነ ጠርዙ ላይ ከረጅም ኮድ መጨረሻ ሁለት ፊደል ታገኛላችሁ፣ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። በመያዝ አቅም (ፍሪክሽን) መለኪያ ኢ (E) ማለት ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ከ0.45 እስከ 0.55፣ ቁጥሩ ሲበዛ የበለጠ ይይዛል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ፣ ለምሳሌ ጂ-ኢ ከሆነ፣ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፣ ኤፍ-ኤፍ ወይ ጂ-ጂ ይሻላል። ፊደሉ ግን ሁሉን አይነግራችሁም፣ የፈተናው ሙቀት ከ350 ዲግሪ አያልፍም፣ የጥራት ማረጋገጫም አይደለም። ከዚ የበለጠ እኔ የማምነው አር 90 የሚባለውን የአውሮፓ የሸራ ፈተና ደረጃ ነው፣ ጀርባው ብረት ላይ በክብ ውስጥ ኢ ፊደል ከቁጥር ጋር፣ አጠገቡ 90አር (90R) የሚል ታያላችሁ። እሱ ያለው ለተራ መኪና የተሰራ ሸራ አያያዙ ከኦርጅናሉ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ተፈትኗል። ፎርጅድ የሚሰሩት ማህተሙንም ይኮርጃሉ፣ ስለዚ የባች ቁጥር (የምርት ዙር ቁጥር) መኖሩንና ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እዩ።

ጥሩውን ገዝታችሁም አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ማለማመዱን እንዳትዘሉት። ባዶ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ ደጋግማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከዛ ፍሬን ሳትይዙ ትንሽ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ እንደተጫነ ከቆማችሁ እዛ ቦታ ላይ ይለጠፍና በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ መካኒኩ ዲስኩ ተጣሟል ብሎ ሌላ ዲስክ ያስገዛችኋል። መካኒኩ ሸራ ሲቀይር የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ፒን አውጥቶ እንዲያጸዳና እንዲቀባው ንገሩት፣ ፒኑ ከነከሰ አንዱ ሸራ ብቻውን ሲግል ይውላል።

ይሄን ዓይነት ሸራ አሁን መኪናችሁ ላይ ያለ ሰው ካለ ረጅም ቁልቁለት ላይ አትውጡበት፣ ጎማ አስፈትታችሁ ጠርዙንና ጀርባውን እዩት። ምንም ካልታተመበት፣ ወይም ሸራው ከብረቱ የተላቀቀበት ቦታ ካያችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት። የወጣውን አትጣሉት፣ ሳጥኑንም ደረሰኙንም ያዙ፣ ፎቶ አንሱና ለገዛችሁበት ድረ ገጽ ሪፖርት አድርጉ።