የመርሊን ሞተር ሙሉ እድሳት፦ ገንዘቡ የት ይገባል?

በመርሊን ሞተር ከሚበርሩት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ ስፒትፋየር ወይም ሙስታንግ፣ ያለው ሰው ሞተሩ እስከ እድሳት የሚሠራበት ሰዓት ሲሞላ ብዙ አማራጭ የለውም። በካሊፎርኒያ ተሃቻፒ ቪንቴጅ ቪ12ስ፣ በሚሺገን ሊቮኒያ ራውሽ አቪዬሽን፣ በእንግሊዝ ግሎስተርሻየር ሬትሮ ትራክ ኤንድ ኤር፣ ከእነሱ ሌላ ጥቂት ወርክሾፖች ናቸው ይህን ሥራ የሚይዙት። ዋጋው ከዓመት ዓመት እየናረ ነው። አገልግሎቱ ለሚጠየቅበት ገንዘብ ይገባዋል እንላለን፤ ነገር ግን የሥራ ዝርዝሩን መስመር በመስመር ሳያነብ የሚፈርም ሰው በሙሉ ዋጋ ግማሽ እድሳት ሊገዛ ይችላል።

ሮልስ ሮይስና የአሜሪካው ፓካርድ ሁለቱ ተደምረው ወደ 150,000 የሚጠጉ መርሊኖች ሠርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ትርፉ ዕቃ እንደታሸገ በርካሽ ይሸጥ ስለነበር የተሰነጠቀውን ጥሎ አዲስ መግጠም ከመጠገን ይቀል ነበር። ያ ክምችት ተሟጧል። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 2023 በሬኖ፣ ኔቫዳ ሲካሄድ የኖረው የአውሮፕላን እሽቅድምድምም ብዙ ሞተር በልቷል፤ የመርሊኑ ቢዬላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጫናውን አልችል ሲላቸው ከአሜሪካው አሊሰን ሞተር የተወሰደ ቢዬላ የገጠሙ ተወዳዳሪዎች አሉ። ዛሬ የጠፋው ዕቃ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የቅርጽ ማውጫው፣ የቀለጣውና የፍተሻው ወጪ በሙሉ የሚያርፈው ግን በጣት በሚቆጠሩ ሞተሮች ላይ ነው። ፓካርድ ዲትሮይት ውስጥ ሲሠራ እንኳ የእንግሊዙን የቡሎን ጥርስ አልቀየረም፤ ስለዚህ አንዲት ዳዶ እንኳ ከተራ መደብር አትገኝም።

ሞተሩ 27 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር፣ 48 ቫልቭ፣ 24 ካንዴላ ነው። ወርዶ ሲፈታ መጀመሪያ የሚታየው የዘይት ወንፊቱ ነው፤ እዚያ የተገኘ የብረት ብናኝ የትኛው ክፍል እንደተበላ ይናገራል። ከዚያ የብረት ክፍሎቹ በማግኔት፣ አሉሚኒየሞቹ በሚያበራ ቀለም ለስንጥቅ ይመረመራሉ። እውነተኛው ሂሳብ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሳይፈታ የተነገረ ቁርጥ ዋጋ አይታመንም።

ትልቁ ወጪ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛ ክዳን) ነው። በመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሞዴሎች ቴስታታውና የሲሊንደር ብሎኩ አንድ ወጥ ስለነበሩ በካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) መጋጠሚያ በኩል ውሃ ማንጠባጠብ የተለመደ ነበር፤ ኋላ ለሁለት ተከፈሉ። በእያንዳንዱ ጎን 14 ረጃጅም ቡሎኖች ቴስታታውንና ብሎኩን አንድ ላይ ከታችኛው አካል ጋር ይይዛሉ፤ እኩል ካልጠበቁ ያው መንጠባጠብ ይመለሳል። አር አር 50 የሚባለው አሉሚኒየም በቆየ ግላይኮል (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከውስጥ ይበላል፣ በቫልቭ መቀመጫዎቹ መካከል ደግሞ ይሰነጠቃል። መበየድ ይቻላል፤ ሆኖም ብየዳ በሙቀት የተገኘውን ጥንካሬ ይወስዳል። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ካናዳው ኖርዝ ስታር ላሉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የተሠሩት የተጠናከሩ ቴስታታዎች ተፈላጊ የሆኑት ለዚህ ነው። እነሱም እያለቁ ነው። በእኛ እምነት በጀት ሲጠብ ከሁሉም በፊት ገንዘብ የሚመደበው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ወጪ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ) ነው። ገጹ ናይትራይድ ተደርጎ (በናይትሮጅን) የደነደነ ስለሆነ ሬቲፊካ (የመሞረጃ ማሽን) ገብቶ ሲላጭ ያ ስስ ድንዳኔ አብሮ ይሄዳል። እንደገና ሳይደነድን የተገጠመ ኮሎ ብሮንዚናውን (ኮሎው የሚሽከረከርበትን መደብ) ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ከልኬት ወረቀቱ ጋር የማደንደኛ ማስረጃ ይጠየቅ። ቢዬላዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ የኮሎ ክንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንደኛው እንደ ሹካ ተከፍሏል፣ ሌላው መሃሉ ገብቶ ይሠራል። አንዱ ተበላሽቶ ጥንዱን መለያየት ስህተት ነው።

ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ) የሚጎዳው ከበረራ ይልቅ መቆም ነው። ለወራት ሳይነሳ የቆየ ሞተር ላይ ዘይቱ ወርዶ ገጹ ይዝጋል፣ በቀጣዩ ማስነሳት ላይ ዝገቱ ይፋቅና በካሙ (በዘንጉ እብጠት) እና ቫልቩን በሚገፋው ሮከር መገናኛ ላይ ጉድጓድ ይተዋል። መኪናን እንደማሞቅ ብቻ አስነስቶ በሚኒሞ አቆይቶ ማጥፋትም ካንዴላውን ከነዳጁ በሚወጣ የእርሳስ ብረት ከመሸፈን በቀር ጥቅም የለውም።

በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ተቀጥላዎቹ ናቸው፦ ሁለቱ ማግኔቶዎች (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት)፣ ካርቡራተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው)፣ የነዳጅና የውሃ ፓምፖቹ። የካርቡራተሩ ዲያፍራም (ተጣጣፊ ስስ ሽፋን) ሲደርቅ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ይሳሳል፣ የሳሳ ነዳጅ ደግሞ አዲሱን ፒስተን ያቃጥላል፤ እነዚህ ሳይታደሱ ሞተሩን መረከብ አይገባም።

ከመርሊን የሚበልጠው የሮልስ ሮይስ ሞተር፣ ግሪፈን፣ ላለው ሰው ነገሩ ይብሳል። በ1950ዎቹ ካናዳ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል የሸጠቻቸውን ፋየርፍላይ አውሮፕላኖች ያበርር የነበረው ይኸው 36.7 ሊትሩ ሞተር ነው። የተሠራው ከመርሊን እጅግ ባነሰ ቁጥር ስለሆነ ከተሰናበቱት ሻክልተን የእንግሊዝ የባህር ቃኚ አውሮፕላኖች የተረፉት ግሪፈኖች ትልቅ መጠባበቂያ ሆነዋል፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል መታሰቢያ ክፍል በስፒትፋየር ፒ አር 19 ላይ የገጠመውም እነሱን አሻሽሎ ነበር።

ሲረከቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሙከራ ማቆሚያው ላይ የተመዘገበ የዘይት ግፊትና የሙቀት ንባብ፣ የተተኩት አሮጌ ዕቃዎች መለያ ታስሮባቸው፣ እንዲሁም አዲሶቹን ማን እንደሠራቸው የሚገልጽ ወረቀት። ከመጀመሪያው በረራ በኋላ የዘይት ወንፊቱ ወጥቶ ይታይ፤ ከመጀመሪያው ማስነሳት በፊት ደግሞ ዘይቱ በውጭ ፓምፕ ተገፍቶ እስከ ካምሻፍቶቹ መድረሱ ይረጋገጥ።