አፍንጫው ላይ ሦስት ቀዳዳ ያለው ጫማ

ደብረ ብርሃን ልባሽ ጫማ ከሚሸጥበት ነው ያገኘሁት። ወፍራም ቆዳ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ 1,500 ብር። ሥራዬ እንግዳ ይዞ ጓሳ ላይ መዋል ነው። መንዝ ውስጥ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚጠብቃችሁ። ስለዚህ አላቅማማሁም።

ግራ የገባኝ ሶሉ ነው። ከጣት አልፎ እንደ ዳክዬ አፍ ወደ ፊት ወጥቷል። ስገለብጠው ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ አለው።

የአገር አቋራጭ በረዶ ሸርተቴ ጫማ መሆኑን የነገረኝ አንድ የኖርዌይ እንግዳ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት ስፖርት ማለት ነው። ጫማውን ከሸርተቴው ጣውላ ጋር የሚያይዘውን ማያያዣ በ1927 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ብሮር ዊት የሚባል ኖርዌጂያዊ ነው፤ ስሙ «ሮተፌላ»፣ የአይጥ ወጥመድ። ሦስት አጫጭር የብረት ጥርሶች ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባሉ፣ ከላይ ብረት አፍንጫውን ይጫነዋል። ተረከዝ ግን ነፃ ነው። ሰውየው በረዶ ላይ እየተራመደ ስለሚገፋ ተረከዙ በየእርምጃው መነሳት አለበት።

እውነትም ሜዳ ላይ ሶሉ ደስ ሲል ይተጣጠፋል። እግሬም አልበረደውም። ቁልቁለት ላይ ግን ያ አፍንጫ ቀድሞ ድንጋይ ያገኛል። ሁለት ጊዜ አደናቅፎኝ አንዴ በጉልበቴ ወደቅሁ።

ጫማ ሰፊው ጋሼ «ልቁረጥልህ?» አሉኝ። ከዚያ ስፌቱን በጣታቸው ተከትለው ሄዱና ተዉት። «ስፌቱ ጥግ ድረስ ነው የመጣው። ከነካሁት አፉን ይከፍታል» አሉ። ልክ ናቸው፤ እንዲህ የተሰፋ ጫማ ማበላሸት ያሳዝናል።

ሻጩ ጋ አዲስ ዓይነትም አለ። አፍንጫ የለውም፤ ከጣት ሥር ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ሶሉ ላይ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ቦዮች አሉት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። ማያያዣው ዘንጉን ይይዛል፣ ቦዮቹም ሸርተቴው ላይ ካሉት ሁለት ጉብታዎች ጋር ይገጥማሉ። ተረከዝ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ነው። ለበረዶ ከድሮው ይሻላል። ለእኛ መንገድ ግን ሶሉ ድርቅ ያለ ነው፣ ድንጋይ ላይ ያዳልጣል። አልገዛሁትም።

ለሌሊት ጥበቃ ወይም ሜዳ ለሚውል ሰው የቆዳውን ግዙ እላለሁ። ለገደል አይሆንም። እኔ ማታ ማታ ድንኳን ጋ ስንቀመጥ አደርገዋለሁ፤ ለመንገዱ የድሮዬን አስጠግኛለሁ።