ለባህር ኃይል ጀልባ ኦርጅናል ኢንጀክተር ያገኙልን የኮምቦልቻው ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው ኮምቦልቻ ያሉ አንድ የናፍጣ ሞተር ባለሙያን ለማመስገን፣ አሮጌ ሞተር ይዛችሁ ለምትንከራተቱም ለመጠቆም ነው። ስማቸውን አላወጣም። «ፌስቡክ ላይ ካወጣሽኝ ስልክ ሳነሳ ልውል ነው» ብለው አደራ ብለውኛል።

ነገሩ የባህር ኃይል ጀልባ ነው። አዎ፣ ከወሎ! ያለን ውሃ ሐይቅና አርዲቦ ሆኖ ሳለ የጦር ጀልባ ዕቃ ኮምቦልቻ ተገኘ ብል ማን ያምነኛል?

አጎቴ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ባህር ኃይል ገብቶ የሞተር ክፍል ሥራ የተማረ ሰው ነው። አሁን የሚኖረው አሜሪካ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከመሰሎቹ ሽማግሌዎች ጋር በነጻ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀልባ ያድሳል። ጀልባዋ ኤልሲቪፒ የምትባለው፣ ፊቷ እንደ መዝጊያ ወደ ታች ተከፍቶ ወታደር የምታወርደዋ ናት። የኒው ኦርሊንሱ አንድሪው ሂጊንስ የነደፋት ስለሆነች የሂጊንስ ጀልባ ይሏታል። ርዝመቷ 11 ሜትር ገደማ፣ አካሏ በአብዛኛው ኮምፔንሳቶ፣ የምትጭነው 36 ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 ኖርማንዲ ላይ ጦሩን ዳርቻ ያደረሱት እነዚህ ናቸው። ከ20,000 በላይ ተሠርተው ነበር፤ ኮምፔንሳቶ ግን ይበሰብሳል፣ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው።

የነአጎቴ ጀልባ ሞተሯ አለ፤ 225 የፈረስ ጉልበት ያለው ግሬይ ማሪን ናፍጣ። የጎደለው ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮቹ ናቸው። የኋላ ዘመን ኢንጀክተር ገጥመው ሊያስነሱት ይችሉ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን «ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረችው» ብለው ድርቅ አሉ። እኔ በሆዴ «ሞተሩ ከተነሳ ምን ጎደለ» ማለቴ አልቀረም፤ አጎቴ ፊት ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ወሎ ድረስ ያስመጣቸው ምን መሰላችሁ? ግሬይ ማሪን የሚባለው ሞተር መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የጂኤም (የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ) 6-71 ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኩቢክ ኢንች፣ በጠቅላላው 7 ሊትር ገደማ። ለባህር አዘጋጅተውት ጀልባ ላይ ገጠሙት እንጂ ያው ሞተር ጥንድ ሆኖ ሸርማን ታንክ ላይ ገብቷል፤ ጄኔሬተር ላይም፣ የመንገድ መሥሪያ ማሽን ላይም ሠርቷል። እኛ አገር ደግሞ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1951 በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ ባለሙያዎች እርዳታ ሲቋቋም የአሜሪካ ማሽን በብዛት ገባ። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ መገንጠያ ናት። አጎቴ ይህን አስልቶ ነው «እስቲ አሮጌ መካኒኮችን ጠይቂልኝ» ያለኝ።

ጠየቅሁ። በየሄድኩበት መልሱ አንድ ነበር፦ «መጀመሪያ ፓምፑን አምጪው»። ይህ ሞተር እንደ ሌላው ናፍጣ ለብቻው የቆመ የኢንጀክተር ፓምፕ የለውም! እያንዳንዱ ኢንጀክተር ራሱ ፓምፕም ኖዝልም ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ተቀምጦ ናፍጣውን እዚያው ጨምቆ ይረጫል። ይህን ሳላስረዳቸው ያወቁት የኮምቦልቻው ሰው ብቻ ናቸው። እንዲያውም ፎቶውን አይተው ገና ሳልጨርስ «ባለ ሁለት ምቱ ነው፣ አየር መንፊያው በጎን ያለው» አሉኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ መለዋወጫ ሻጭ «ኦርጅናል፣ ያልተነካ» ብሎ ስድስት ኢንጀክተር አወጣልኝ። ገንዘቡን ልከፍል ስል መጀመሪያ ለኮምቦልቻው ባለሙያ ላሳይ ብዬ ወሰድኩላቸው። ኢንጀክተሩ አካል ላይ የተለጠፈች ሳንቲም የምታክል ክብ ምልክት አለች። ናፍጣ በነካው ጨርቅ ጠረግ አደረጓትና ወደ ብርሃን አዞሯት። ከቁጥሩ ፊት «ኤን» የሚል ፊደል አለ። «ይሄ ባለ መርፌው ነው፣ የኋላ ምርት። ሞተሩን ያስነሳል፤ ሰዎችሽ የሚፈልጉት ግን የፊተኛውን ነው። ገንዘብሽን ያዢ» አሉኝ። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? መፈተሻና ማጠቢያ ብለው ጥሩ ሒሳብ ማግኘት ይችሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍለጋውን እሳቸው ያዙት። እኔ በጨነቀኝ ቁጥር ስደውል «አብሽሪ፣ የሚያውቅ ሰው አለ» ብቻ ነው የሚሉኝ። የሚያውቀው ሰው በመንገድ ሥራ ማሽን ላይ ያረጁ ጡረተኛ መካኒክ ሆኑ። ቤታቸው ሄድን፤ ቡና ተፈላ፣ አቦል ሳይጠጣ ወሬ የለም። ከዚያ ከአልጋ ሥር አንድ የኒዶ ቆርቆሮ ተጎተተ። በግሪስ ጨርቅ የተጠቀለሉ ስምንት ኢንጀክተሮች፣ ሁሉም አሮጌው ዓይነት።

ስምንቱንም አልወሰድንም። ሁለቱ ላይ ያለው ቁጥር ከስድስቱ ይለያል፤ ቁጥሩ የሚረጩትን የናፍጣ መጠን ነው የሚያመለክተው። «ለመጠባበቂያ ይሁኑ» ብላቸው ባለሙያው እምቢ አሉ። «አብረው ከሄዱ አንድ ቀን አንዱ ይገጥማቸዋል፤ ያኔ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው በላይ ይጠጣል፣ ሞተሩም ይንገዳገዳል» ብለው ወደ ቆርቆሮው መለሷቸው።

ጋራዣቸው ውስጥ ሲፈትሹ አጠገባቸው ነበርኩ። ኢንጀክተሩን አግድም ይዘው ቀስ ብለው ያዞሩታል፤ በጎኑ የምትወጣው ጥርስ ያላት ዘንግ ማንም ሳይነካት በራሷ ክብደት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ተንሸራታ መውደቅ አለባት። አምስቱ ታዘዙ፣ አንዱ ደረቀ። እሱን ፈትተው ክፍሎቹን ለብቻቸው በሳህን አስቀምጠው አጠቡ። የውስጡ ዘንግና ማቀፊያው ተለክተው አብረው የተሠሩ ስለሆኑ ከሌላ ኢንጀክተር ጋር አይቀያየሩም፤ ረዳታቸው ሳህኑን ሊያነሳ ሲል የተቆጡት ቁጣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መጨረሻ ላይ ራሳቸው ባበጁት ማንሻ እየረገጡ አስረጩት፤ ጭጋግ ነው የመሰለው። ለመላክም አንዲት ጠብታ ናፍጣ እንዳትቀር አጥበው፣ አድርቀው፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነው ሰጡኝ፤ የናፍጣ ሽታ ያለውን ዕቃ አውሮፕላን አይቀበልም።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የዕቃውን ዋጋ ከባለቤቱ ጋር እኔው ፊት ተነጋገሩ፣ ለራሳቸው የእጅ ሥራ ብቻ ተቀበሉ። የደላላ የሚባል ነገር አላነሱም።

እውነቱን ልናገር፣ ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። አርብ ከጁምዓ በፊት ስልክ አያነሱም፣ ኮምፒውተር ያለው አዲስ መኪናም አይነኩም። የድሮ ናፍጣ፣ ጄኔሬተር፣ የእህል ወፍጮ ሞተር፣ ትራክተር ያላችሁ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሂዱ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እልካለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ። የዚህ ሞተር ብሎክ በሁለቱም አቅጣጫ ሊገጣጠም ስለሚችል አንዳንዱ ወደ ቀኝ አንዳንዱ ወደ ግራ ይዞራል፤ ሞተሪኖውም እንደዚያው ይለያያል። ባለሙያው አጎቴን በቪዲዮ አግኝተው «ከፊት ቆመህ ስታየው ወዴት ነው የሚዞረው?» ብለው ጠይቀውታል፣ እሱም አይቶ ይመልሳል። እስከዚያው ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ አሮጌ የጂኤም ሞተር ያላችሁ፣ ቆራሌ ሳይወስደው የሞተሪኖውን ታርጋ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።