ኤፒክ ላይ ብቅ የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች፦ የቱን ማቆየት፣ የቱን ማጥፋት

ብዙዎቹ የአሜሪካ ትልልቅ ሆስፒታሎች የታካሚ መዝገባቸውን የሚይዙት ኤፒክ በተባለ ኩባንያ ሶፍትዌር ነው። መዝገብነቱን ለሌላ ጊዜ እንተወውና መድኃኒት ሲታዘዝ ስክሪኑ መሀል ድቅን የሚለውን ሳጥን፣ ሐኪሞች «አለርት» የሚሉትን፣ ብቻ እንየው። እንደተገዛ ከተተወ ያሰለቻል፤ ተመርጦ ሲቀነስ ግን ሰው ያድናል።

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ባክትሪም የተባለው አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ የሚመጣው ሳጥን መነበብ አለበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደም መፍሰስ ያመጣሉ። ችግሩ ከእሱ በፊት የመጡት ናቸው። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ያሳከከው ሰው መዝገቡ ላይ «አለርጂ» ተብሎ ስለተጻፈ የኮዴይን ዘመድ የሆነው ሞርፊን በታዘዘለት ቁጥር ሳጥኑ ይመጣል፤ ማሳከክ ግን የእነዚህ መድኃኒቶች የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አይደለም። ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ሴፋዞሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲታዘዝም ያው ነው፤ የሞለኪዩሉ የጎን ሰንሰለት ስለማይመሳሰል አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ሲዘጋጋ የዋለ ጣት የባክትሪሙንም ሳያነብ ይዘጋዋል።

በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ታካሚው 38.6 ኪሎ የሚመዝን የ16 ዓመት ልጅ ነበር። የባክትሪሙ መጠን በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲሰላ 193 ሚሊግራም መጣ፤ አንዱ ኪኒን ደግሞ 160 ስለሆነ ፋርማሲው ትእዛዙ እንዲስተካከል ጠየቀ። ሐኪሟ 160 ብላ ጻፈች፤ መለኪያው ግን «ሚሊግራም በኪሎ» ላይ እንደነበረ ቀረ። ሲስተሙ 160ን በ38.6 አባዝቶ 38 ተኩል ኪኒን አዘዘ። አለርቱ ለሐኪሟም ለፋርማሲስቱም መጥቷል፣ ሁለቱም አልፈውታል። መልኩ ለጥቂት ሚሊግራም ብልጫ ከሚመጣው አይለይም ነበር። ልጁ ሠላሳ ስምንት ተኩሉንም ዋጠ፤ ሰውነቱን አንቀጠቀጠው፣ ደግነቱ ተርፏል።

«እንግዲያው ጨርሶ እንዳይታለፍ ማድረግ ነዋ» የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል። በ2010 የወጣ ጥናት (ሲስተሙ ኤፒክ አልነበረም) ዋርፋሪንና ባክትሪምን አብሮ ማዘዝን በማይታለፍ ሳጥን ለመከልከል ሞከረ። ትእዛዙን የተዉት ሐኪሞች 57 በመቶ ሆኑ፤ ሳጥኑ ባልመጣላቸው ዘንድ 13.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ አራት ታካሚዎች የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ስለዘገየባቸው ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ግድግዳ የሚገባው እንደ 38 ተኩል ኪኒን ላለ በምንም መንገድ ትክክል ሊሆን ለማይችል መጠን ብቻ ነው።

ሴፕሲስን (ኢንፌክሽን የሚያስነሳውን ለሕይወት አስጊ የሰውነት ምላሽ) አስቀድሞ ለማወቅ የተሠራው የኤፒክ መተንበያም ብዙ አያኮራም። ሚሽገን ላይ ተፈትሾ በ2021 በወጣው ውጤት ከተኙት ታካሚዎች በ18 በመቶው ላይ ጮኾ፣ ሴፕሲስ ከያዛቸው 67 በመቶውን ሳያይ አለፈ። ኩባንያው ቆይቶ አሻሽሎታል።

ማስተካከያው የሚጀምረው ከአለርጂ ዝርዝሩ ነው፦ ማሳከክና ማቅለሽለሽ «አለመስማማት» ተብለው ይመዝገቡ፤ ብዙ ጩኸት የሚመነጨው ከዚያ ነው። ከዚያ ሲስተሙን ከሚያስተዳድሩት ለእያንዳንዱ አለርት ሦስት ቁጥር መጠየቅ፦ ስንት ጊዜ መጣ፣ ስንት ጊዜ ታለፈ፣ ከታየ በኋላ ትእዛዙ ስንት ጊዜ ተቀየረ? ከመቶ ዘጠናው የሚታለፍ ከሆነ ወይ ይጥፋ ወይ ሥራ ሳያቋርጥ ዳር ላይ ይጻፍ። የላብራቶሪ ውጤት የሚያይ አለርት ይቆይ፤ ለምሳሌ የኩላሊት ማጣሪያ ቁጥር ከ30 ሲወርድ ብቻ ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የሚናገር። የባክትሪሙ ሳጥን ደግሞ «አደገኛ ነው» ብሎ ከሚያበቃ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ ትእዛዙን ሰርዞ ሌላ አንቲባዮቲክ የሚያቀርብ፣ ሌላው ባክትሪሙ ግድ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ የአይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካ) ምርመራ አብሮ የሚያዝ።