ለቡዊንዲ ጫካ ቀብድ ልትከፍሉ ነው? ቆይ እስኪ

ጎሪላዎቹን አይተናል። በእነሱ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከደላላው ጋር ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ኡጋንዳ፣ ቡዊንዲ ጫካ ሄደን 440 ዶላር በጠራራ ፀሐይ ተበልተን ተመለስን። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የተበላው ከእኔ ነው። ምክንያቱ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዜ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ አንተንም ይመለከትሃል።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ለጥምቀት መጣችና «እዚህ ድረስ መጥቼ ጎሪላ ሳላይ አልመለስም» አለች። ከአዲስ አበባ እስከ ኢንቴቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ኤጀንት አገኘን። ትሁት ነው፣ መልስ አያዘገይም፣ «እህቴ»፣ «ወንድሜ» ማለት ያበዛል። ሒሳቡን ዘርዝሮ ላከልን፦ መኪና፣ ማደሪያ፣ ፐርሚት (ጎሪላ ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) በነፍስ ወከፍ 800 ዶላር፣ የፓርክ መግቢያ 40 ዶላር፣ አስጎብኚ 30 ዶላር። ከሥሩ «ፐርሚት እያለቀ ነው፣ ዛሬ ካልከፈላችሁ ቀኑን አላረጋግጥም» የሚል ተጨምሮበታል።

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት የጣለችን። ውሸትም አይደለችም። አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ከስምንት ሰው በላይ አያየውም። የሚያዩትም ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጎሪላ የሰው ጉንፋን ስለሚይዘው ቁጥሩ የተወሰነው ለእነሱ ደህንነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ቆጠራ የተራራ ጎሪላ በዓለም ላይ 1,063 ብቻ ነበር፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው እዚሁ ጫካ ውስጥ። ፐርሚት በእርግጥ ያልቃል። ኤጀንቱ እውነቱን ተናግሮ አስቸኮለንና ውሸቱን በዚያው አሳለፈው። ቀብዱን በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ ሞባይል መኒ ላክን። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብን፣ አልነቃንም።

ካምፓላ እንደደረስን ካባላጋላ ሰፈር አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ባለቤቱ ጋሼ ወሬያችንን ሰምተው መጡ። «እናንተ ልጆች፣ ፐርሚቱን በዓይናችሁ አይታችኋል?» አሉን። «ሾፌሩ ጋ ነው ያለው ጋሼ» አልናቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ። እኛ ሳቅን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፐርሚቱን የሚሸጠው የኡጋንዳ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው። ዋጋውም ለሁሉም አንድ አይደለም፤ እንደ ፓስፖርቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ታሪፍ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ዜጋ 800 ዶላር ነው። ኡጋንዳ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው የውጭ ሰው 700 ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ዜጎች 300,000 የኡጋንዳ ሽልንግ ነው፤ ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች ይሄ አይደርሰንም። ለቀሩት አፍሪካውያን ግን 500 ዶላር። እኛ እዚህ ውስጥ ነን! የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ ፓስፖርቷ 800 መክፈሏ ልክ ነው። እኔ ግን 300 ዶላሬን ለኤጀንቱ ኪስ አዋጥቻለሁ።

የመግቢያው 40 ዶላርስ? የጎሪላ ፐርሚት የፓርኩን መግቢያ አጠቃሎ የያዘ ነው። አስጎብኚውም እንደዚያው። ጫካ ውስጥ የሚመራችሁ የፓርኩ ሬንጀር ነው፣ ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነው። በፈቃዳችሁ ጉርሻ ትሰጡታላችሁ እንጂ በነፍስ ወከፍ 30 ዶላር የሚያስከፍል ሌላ አስጎብኚ የለም። ኤጀንቱ «አስጎብኚ» ያለው ሾፌሩን ኖሯል። እሱ ደግሞ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነው የጠበቀን።

በገንዘብ የማይለካው ግን የሌሊቱ ጉዞ ነው። ቡዊንዲ ጎሪላ ለማየት የሚገባባቸው አራት መነሻዎች አሉት፦ ቡሆማ፣ ሩሂጃ፣ ሩሻጋና ንኩሪንጎ። ፐርሚታችሁ ለአንዱ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ማደሪያ የተያዘልን ሰሜን፣ ቡሆማ ነው። ከካምፓላ ተነስተን ቀኑን ሙሉ ተጉዘን፣ አቧራ ለብሰን ማታ ደረስን። እራት ላይ ሾፌሩ ወረቀቱን ሲያወጣ «ሩሻጋ» ይላል። ሩሻጋ በደቡብ በኩል ነው። ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል፣ ግን ጫካው መሐል ላይ ተዘርግቷል፣ መንገዱም ገደል ለገደል ይጠማዘዛል። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ተነሱ ተባልን። (በነገራችን ላይ በኡጋንዳው የሉጋንዳ ቋንቋም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው፤ ከሾፌሩ ጋር ያለ ጣጣ የተግባባንበት ብቸኛው ጉዳይ ይሄ ነው።) የከፈልንበትን አልጋ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ተኛንበት። ጫካ ከመገባቱ በፊት የሚሰጠው የጠዋቱ ገለጻ ሊያልቅ ሲል ደረስን።

ስለ ጫካው ብዙ አልልም፣ ሂዱና እዩት። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ከፍታው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ጭቃው፣ ቁልቁለቱና ሳማው ነው። እጄን ሳማ ለብልቦኝ የልጅነቴን አጥር አስታወሰኝ። ጓንትና ረጅም ካልሲ ያዙ። ዕቃችሁን የሚሸከምና ዳገት ላይ እጃችሁን የሚይዝ የሠፈሩ ልጅ በ20 ዶላር ገደማ እዚያው ቅጠሩ፤ ከሁሉም ወጪ ያልቆጨኝ ይሄ ነው። ፈላጊዎቹ በማለዳ ቀድመው ወጥተው የጎሪላዎቹን ዱካ ስለሚከተሉ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። እኛ ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። ሌላ ቡድን እኛ ስንመለስ ገና ጫካ ውስጥ ነበር። ስለዚህ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ታያላችሁ፣ ዋስትና አለው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ።

ስንወጣ ደስታው አስክሮኝ ነበር። ኔትወርክ እንዳገኘሁ አንድ ፎቶ ለኤጀንቱ ላክሁለት፣ ከነምስጋናው። ከዚያ መኪና ውስጥ የአክስቴ ልጅ ሁለቱን የፐርሚት ደረሰኞች ጎን ለጎን ይዛ ዝም አለች። «የአንተ ለምን 500 ይላል?» አለችኝ።

ደወልን። መጀመሪያ «ስሕተት ይሆናል» አለ። ቀጥሎ «የአገልግሎት ክፍያ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ገንዘቡን በሙሉ ከፍለን ጨርሰን፣ ምን አቅም አለን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እናንተ ግን ገና አልከፈላችሁም። ቀሪውን ከመላካችሁ በፊት የፐርሚቱን ቅጂ ጠይቁ። ስማችሁና የፓስፖርት ቁጥራችሁ፣ ቀኑ፣ የመነሻው ስም ልክ መሆኑን እዩ፤ የባለሥልጣኑን ደረሰኝም አብሮ እንዲልክ አድርጉ፣ የተከፈለው ዋጋ እዚያ ላይ አለ። ማደሪያ የምትይዙት ፐርሚቱን ካያችሁ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት አይሆንም። ኤጀንት ለድካሙ ያስከፍል፣ ሐቁ ነው፤ ግን «የኔ» ብሎ ለብቻው ይጻፈው። ፈቃድ ያለው ድርጅት መሆኑን ከኡጋንዳ ቱሪዝም ቦርድ ማጣራት ይቻላል። ካምፓላ የምታድሩ ከሆነና ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ካምዎክያ ሰፈር ያለው የባለሥልጣኑ ዋና ቢሮ ሄዳችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ልጅ ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁም ልብ በሉ፣ ከ15 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ ይህንንም ሳይነግር ቀብድ የሚቀበል አይጠፋም።

ሰውየው አሁንም ቴሌግራም ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ለሀበሾች ልዩ ዋጋ፣ ፐርሚት 800 ዶላር ብቻ»። ፎቶው የላክሁለት ነው። ከጎሪላው በስተግራ የሚታየው ጭቃ የነካው ሰማያዊ ጃኬት የኔ ነው።